የሄክቶር የገላ ውኃ

(ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የተጋበዝሁት በጥንታዊ ግሪክ የጀግንነት ግጥሞች ውስጥ ስላሉት ጭብጦችና ገጸ ባሕርያት እንድናገር ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። ሁሉንም ልንገራችሁ ብል ከስም ዝርዝር በቀር ወደ ቤት የምትወስዱት አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ የያዝሁላችሁ አንድ ድስት ውኃ ብቻ ነው።

ድስቱ ያለው በሆሜር ኢሊያድ 22ኛ ክፍል ነው። ቦታው ትሮይ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ውስጠኛ ክፍል። አንዲት ሴት አበባ እየጣለችበት ድርብ ኩታ ትሸምናለች። አንድሮማኬ ትባላለች፤ የሄክቶር ሚስት ናት። ባሏ ጦር ሜዳ ውሏል። ደክሞት፣ ላብና አቧራ ጠግቦ እንደሚገባ ታውቃለችና ገረዶቿን ጠርታ ትልቁን ባለ ሦስት እግር ድስት እሳት ላይ ጣዱ ትላለች፤ ሲመለስ ሙቅ የገላ ውኃ እንዲጠብቀው። ይህ ድስት ጉልቻ አይፈልግም፤ እግሮቹ አብረውት የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን ከከበሩት የቤት ዕቃዎች አንዱ ነበር፤ ለሽልማትም ለካሳም የሚሰጥ።

ሄክቶር ግን ሞቷል። እኛ አይተናል፤ እሷ አልሰማችም። ገረዶቹ ውኃ ሲጥዱ የሄክቶር ሬሳ እግሮቹ ተበስተው በጠፍር ከገዳዩ፣ ከግሪኮቹ ጀግና ከአኪሌስ ሠረገላ ኋላ ታስሯል፤ ያ ያማረ ራሱ በገዛ አገሩ አፈር ላይ ይጎተታል። ባለቅኔው አብዛኛውን ጊዜ ከታሪኩ ኋላ ተሰውሮ ነው የሚተርክ። እዚህ ላይ ግን አላስችለው ብሎ ብቅ ይላል። «የዋህ» ይላታል። ከገላ ውኃ እጅግ በራቀ ቦታ፣ በአኪሌስ እጅ፣ አቴና የተባለችው አምላክ እንደጣለችው የት አውቃ።

ከቅጥሩ በኩል ዋይታ ይሰማታል። የሽመናው መወርወሪያ ከእጇ ይወድቃል።

ኢሊያድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ተቀምጬ ነበር። ወጣት ስለነበርሁ የፈለግሁት ፉከራና ጦር ነበር፤ ሁለቱም ሞልቷል። ግን ከፉከራው ሁሉ በላይ ያ ድስት አልለቀቀኝም። ዓመታት አልፈው መለስ ብዬ ሳነብ ድስቱ ሌላም ቦታ እንዳለ አየሁ። የዛሬው ነገሬ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ኢሊያድ 15,693 ስንኝ ነው፤ በ24 ክፍሎች የተከፈለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ መልኩን እንደያዘ የሚገመት። ግሪኮች ትሮይን ለመያዝ ያደረጉት ጦርነት አሥር ዓመት የፈጀ ቢሆንም ግጥሙ የሚተርከው በመጨረሻው ዓመት ውስጥ ያሉ ጥቂት ሳምንታትን ነው። ከኋላ ያለው ወንድሜ «ፈረሱስ?» የሚል ይመስላል። ግሪኮች ሆዱ ውስጥ ተደብቀው ትሮይ የገቡበት የእንጨቱ ፈረስ ኢሊያድ ውስጥ የለም። የአኪሌስ ተረከዝም የለም። አኪሌስ ራሱ በግጥሙ ውስጥ አይሞትም፤ ትሮይም አትወድቅም። ፈረሱ በሌላው የሆሜር ግጥም በኦዲሲ ውስጥ ይወሳል፤ የተረከዙ ነገር ግን ከሆሜር ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፈ ነው።

ታዲያ ምን አለ? የመጀመሪያው ቃል ይነግረናል፤ «ሜኒን»፣ ቁጣ። የግሪኮቹ አለቃ አጋሜምኖን የአፖሎን ካህን ልጅ ማርኮ አልመልስም ይላል፤ ቸነፈር ይወርዳል፤ ዘጠኝ ቀን ሰው ሲረግፍ ይሰነብታል። አኪሌስ ጉባኤ ጠርቶ ልጅቱ ትመለስ ሲል አጋሜምኖን ይመልሳትና በምትኳ የአኪሌስን ምርኮኛ ብሪሴይስን ይወስዳል። አጋሜምኖንን ለመከላከል የጻፉ ሊቃውንት አሉ። እኔ ግን አንብቤ ባነብም ከሹመቱ ያነሰ ሰው ሆኖ ነው የማገኘው። አኪሌስ ጦሩን ሰቅሎ ድንኳኑ ይገባል። እናቱ ቴቲስ የባሕር አምላክ ናትና፣ ልጄን ያዋረዱ ግሪኮች እስኪለምኑት ድረስ ይሸነፉ ብላ የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ልትለምን ትነሣለች።

ወዲያው ግን አትሄድም። ዜውስ ቤቱ የለም። የት ሄደ? «ነቀፋ ከሌለባቸው ኢትዮጵያውያን» ዘንድ ግብዣ ሄዷል፤ አማልክቱ ሁሉ ተከትለውታል፤ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው።

ይህን ሳልነካ ባልፍ አትለቁኝም። በሆሜር ዘንድ ይህ ስም የአንድ መንግሥት ስም አይደለም። ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው፤ በምድር ዳር፣ በውቅያኖስ አጠገብ የሚኖሩ፣ አማልክት አብረዋቸው ማዕድ የሚቀርቡ ሕዝቦች ናቸው። ኦዲሲ እንዲያውም ለሁለት የተከፈሉ ናቸው ይላል፤ እኩሌቶቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ እኩሌቶቹ በምትጠልቅበት። ስሙ ወደ እኛ የመጣው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። የብሉይ ኪዳን የግሪክ ተርጓሚዎች ኩሽ የሚለውን በዚህ ቃል ተረጎሙት። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በአገሩ ቋንቋ «ሐበሠት» ያለውን በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ብሎ አስጻፈው። ስለዚህ ሆሜር ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር ተናገረ እያሉ በየመድረኩ የሚያጨበጭቡት ወገኖቼ ትንሽ ይታገሡ። ስሙን ወስደን የራሳችን ያደረግነው እኛ ነን፤ ለእኔ ከተሰጠ ይልቅ የተመረጠ ስም ይበልጣል።

ወደ ድስቱ ልመለስ።

የአንድሮማኬ ትእዛዝ በግሪክኛው «አምፊ ፑሪ ስቴሳይ ትሪፖዳ ሜጋን» ይላል፤ «ትልቁን ባለ ሦስት እግር እሳት ላይ መጣድ» ማለት ነው። እነዚህ አምስት ቃላት ሳይለወጡ ኢሊያድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣሉ። ይህ ድግግሞሽ የሰነፍ ሥራ አይደለም። ሚልማን ፓሪ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ ወደ ዩጎዝላቪያ ሄዶ በቃላቸው የሚያዜሙ ሰዎችን ቀድቶ ነበር። ከነዚያ አንዱ አቭዶ መጄዶቪች ማንበብና መጻፍ አያውቅም፤ በ1935 ግን ከ12,000 ስንኝ በላይ ያለው አንድ ግጥም አወረደለት። ይህ ኦዲሲን የሚያህል ነው። ፓሪ ያሳየው፣ እንዲህ ያለ አዜመኛ ግጥሙን ቃል በቃል እንደማይሸመድድ ነው። በልኩ የተቆረጡ ሐረጎች አእምሮው ውስጥ ተደርድረው ይጠብቁታል፤ እያዜመ ያነሣል፣ ይገጥማል። «ፈጣን እግሩ አኪሌስ» ተቀምጦ ሲያለቅስም ፈጣን እግሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ፓሪ በዚያው ዓመት በ33 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራውን ተማሪው አልበርት ሎርድ ቀጠለ።

እሺ፣ ሐረጉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ታላቅ ባለቅኔ ግን የተዘጋጀውን ሐረግ የት እንደሚጥለው ያውቃል። አምስቱ ቃላት ያው ሆነው የስንኙ ጫፍ ይለወጣል።

መጀመሪያ የሚመጣው 18ኛው ክፍል ላይ ነው። ፓትሮክለስ፣ የአኪሌስ ወዳጅ፣ ከነፍሱ የሚቆጥረው ጓደኛው፣ የአኪሌስን የጦር ልብስ ለብሶ ወጥቶ በሄክቶር እጅ ሞቷል። አኪሌስ ትልቁን ድስት ጣዱ ይላል፤ የፓትሮክለስን ደም «ቶሎ» እንዲያጥቡለት። ውኃው ሲፈላ ሬሳውን ያጥባሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ በስስ ጨርቅ ይገንዛሉ። ሁለተኛው የአንድሮማኬ ነው፤ ለሄክቶር ሙቅ ውኃ «እንዲኖር»። ሦስተኛው 23ኛው ክፍል ላይ ነው። አኪሌስ ሄክቶርን ገድሎ ተመልሷል፤ ሰውነቱ በደም ተጨማልቋል። መኳንንቱ ድስቱን ያስጥዳሉ፤ ይታጠብ ዘንድ «እሺ ቢላቸው»። አይላቸውም። ፓትሮክለስን በእሳት ላይ ሳላሳርፍ፣ መቃብሩን ሳልከምር፣ ጠጉሬን ሳልላጭ ውኃ ወደ ራሴ አይቀርብም ብሎ ይምላል።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ ድስት ለሬሳ ነው፤ ሬሳው ታጠበ። አንዱ ለሕያው ተብሎ ተጣደ፤ ሕያው የተባለው ሬሳ ሆነ። አንዱ ለሕያው ቀረበ፤ ሕያው ግን እንደ ሙት አልታጠብም አለ። የግጥሙ ቁጣ ሁሉ በነዚህ ሦስት ድስቶች መካከል ነው የሚመላለሰው።

ስለ አኪሌስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጨካኝ ሆኖ እንደተወለደ አድርገን እንዳናየው። አንድሮማኬ ራሷ 6ኛው ክፍል ላይ ታሪኳን ስትናገር አባቷንም ሰባት ወንድሞቿንም የገደለው አኪሌስ እንደሆነ ትነግረናለች። አባቷን ግን አልገፈፈውም ትላለች። ልቡ ፈርቶ፣ ከነጦር ልብሱ አቃጥሎ፣ መቃብር ከምሮለታል። የጠላትን ሬሳ ማክበር የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። ፓትሮክለስ ከሞተ በኋላ ነው የጠፋበት። በ21ኛው ክፍል የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ልጅ ሊካዎን ጉልበቱን ይዞ ሲለምነው «ወዳጄ፣ አንተም ሙት፤ ስለ ምን ታለቅሳለህ? ከአንተ እጅግ የሚሻለው ፓትሮክለስም ሞቷል» ይለዋል። ይገድልና ወንዝ ይጥለዋል፤ እናትህ አስተኝታ አታለቅስልህም፣ ደምህን ዓሦች ይልሱታል እያለ። እነሆ ሌላ እጥበት።

ሄክቶርንም መልአክ አናድርገው። የፓትሮክለስን ሬሳ እየጎተተ ራሱን ሊቆርጥ፣ ቀሪውን ለውሻ ሊሰጥ አስቦ ነበር። ልዩነቱ ሄክቶርን ቤቱ ስናየው ነው። 6ኛው ክፍል ላይ ከጦር ሜዳ ለጥቂት ጊዜ ወደ ከተማ ይገባል። እናቱ ወይን ለአማልክት አፍስስ ስትለው ባልታጠበ እጅ አይሆንም፣ ደምና እድፍ ለብሼ መጸለይ አይገባም ይላል። ከዚያ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ያገኛል። ሕፃኑ በአባቱ የራስ ቁር ላይ ያለውን የፈረስ ጭራ አይቶ ይጮሃል። ሁለቱም ይስቃሉ። ሄክቶር ቁሩን አውልቆ መሬት ያስቀምጥና ልጁን ይስማል። ትሮይ እንደምትጠፋ ለሚስቱ የነገራት በዚያው ቅጽበት ነው፤ አንድ ግሪክ ምርኮኛ አድርጎ ወስዶሽ የሌላ ሰው ውኃ ትቀጃለሽ ይላታል። ውኃውን ልብ በሉልኝ።

የሞቱም ቦታ ውኃ ዳር ነው። አኪሌስ ሄክቶርን በከተማዋ ዙሪያ ሲያሳድደው ሁለት ምንጮች ጋ ይደርሳሉ፤ አንዱ እንደሚፈላ ይጤሳል፣ ሌላው በበጋም እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። አጠገባቸው ከድንጋይ የተጠረቡ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዎች አሉ። ግሪኮች ሳይመጡ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ የትሮይ ሴቶችና ቆነጃጅት ልብስ የሚያጥቡት እዚያ ነበር። ሁለት ሰዎች ለነፍሳቸው ሲሮጡ ሆሜር ቆም ብሎ ስለ ልብስ ማጠቢያ ይነግረናል። ትምህርት ቤት ብሆን «ከርእሱ ወጣህ» ተብዬ ማርክ ይቀነስብኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። አራተኛ ጊዜ እነዚያ ምንጮች ጋ ሲደርሱ ዜውስ የወርቅ ሚዛኑን ያነሣል፤ የሄክቶር የሞት ቀን ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ ኦዲሲን ጥቂት ልንካ፤ ድስቱ እዚያም አለና። ኦዲሲዩስ አሥር ዓመት ተዋግቶ አሥር ዓመት በባሕር ተንከራትቷል፤ 8ኛው ክፍል ላይ ፋይያክያ በሚባሉ ሕዝቦች ቤት እንግዳ ነው። ንግሥቲቱ ያንኑ ድስት በነዚያው አምስት ቃላት ታስጥድለታለች። ሙቅ ውኃ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አላገኘም። ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ ማዕድ ይቀርባል። ከዚያ ዓይነ ስውሩን አዝማሪ ዴሞዶኮስን የእንጨቱን ፈረስ ታሪክ እንዲያዜም ይጠይቀዋል። የገዛ ገድሉን ነው ያዘዘው። ክራሩ ሲጀምር ግን ያለቅሳል። ግጥሙ ልቅሶውን የሚያመሳስለው ከማን ጋር ይመስላችኋል? በከተማው ፊት ከወደቀው ባሏ ሬሳ ላይ ተደፍታ ከምታለቅስ ሴት ጋር፤ ጠላት ከኋላ በጦር ዘንግ ጀርባዋን እየመታ ወደ ባርነት ይነዳታል። ስሟን አይነግረንም። አንድሮማኬ ናት ብዬም አልሟገትም። ነገር ግን ከተማዋን ያጠፋው ሰው፣ ገላውን በሙቅ ውኃ ታጥቦ ተቀምጦ፣ ባጠፋው ከተማ ሴት ዓይን ያለቅሳል።

አሁን ወደ 24ኛው ክፍል።

አኪሌስ ፓትሮክለስን ቀብሯል፤ ቁጣው ግን አልወጣለትም። ሌሊት አይተኛም፤ ንጋት ላይ ሄክቶርን ከሠረገላው አስሮ በወዳጁ መቃብር ዙሪያ ይጎትተዋል። በ12ኛው ቀን አማልክቱ በቃ ይላሉ። ዜውስ ከግብዣው የተመለሰው በ12ኛው ቀን ነበር፤ በግጥሙ መጀመሪያም በመጨረሻም ቁጥሩ አንድ ነው። ፕሪያም፣ የሟች አባት፣ ሽማግሌው ንጉሥ፣ ካሳ ጭኖ በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ይሄዳል። የአማልክቱ መልእክተኛ ሄርሜስ በጎልማሳ አምሳል መንገድ ያሳየዋል። ድንኳኑ ይገባል፤ ማንም ሳያየው የአኪሌስን ጉልበት ይይዝና እጆቹን ይስማል። ብዙ ልጆቹን የገደሉ እጆች ናቸው። «አባትህን አስብ» ይለዋል። «በምድር ላይ ማንም ያልቻለውን ቻልሁ፤ የልጄን ገዳይ እጅ ወደ አፌ አቀረብሁ።»

ሁለቱም ያለቅሳሉ። ፕሪያም ለሄክቶር፤ አኪሌስ አንዴ ለአባቱ፣ አንዴ ለፓትሮክለስ። ብዙ ሰው ይህን እርቅ ይለዋል። እኔ አልለውም። አኪሌስ ገረዶቹን ጠርቶ ሬሳውን እጠቡ፣ ዘይት ቀቡ ሲል፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሽማግሌው በማያይበት ይላቸዋል። ምክንያቱም ፕሪያም ልጁን አይቶ ቢቆጣ፣ የራሱም ቁጣ ተነሥቶ እንዳይገድለው ይፈራል። ራሱን ያውቃል። ያ የመጀመሪያው ቃል፣ ቁጣ፣ እስከዚህ ድረስ እንደ ተዳፈነ ረመጥ አለ፤ አኪሌስ አመዱን ላለመግለጥ ይጠነቀቃል።

ሴቶቹ ያጥባሉ፣ ይቀባሉ፣ ኩታና ቀሚስ ያለብሱታል። አኪሌስ ራሱ አንሥቶ ቃሬዛው ላይ ያስተኛዋል። የፓትሮክለስን ስም ጠርቶ አትቀየመኝ ይላል። ደጋግሜ ፈለግሁ፤ ሆሜር እዚህ ላይ ድስቱን አይጠቅስም። እነዚያ አምስት ቃላት የሉም። ሄክቶር ቤቱ የተጣደለትን ውኃ ሳያገኝ፣ በገዳዩ ገረዶች እጅ ታጠበ።

ከዚያ አኪሌስ እራት ያቀርባል። ፕሪያም ልጁ ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ከበሉ በኋላ ሁለቱ ዝም ብለው ይተያያሉ፤ አንዱ በሌላው መልክ ይደነቃል። ለቀብሩ ስንት ቀን ትፈልጋለህ ይለዋል። ዘጠኝ ቀን እናለቅሳለን፣ በአሥረኛው እንቀብራለን፣ በአሥራ አንደኛው መቃብሩን እንከምራለን ይላል ፕሪያም፤ «በአሥራ ሁለተኛው እንዋጋለን፣ ግድ ከሆነ።»

ሬሳው ትሮይ ሲገባ ሦስት ሴቶች ሙሾ ያወርዳሉ፤ ሚስቱ፣ እናቱ፣ በመጨረሻም ሄለን፣ የጦርነቱ ሰበብ የተባለችው፣ በባዕድ አገር ከአፉ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም እያለች። መጀመሪያ የምትጀምረው አንድሮማኬ ናት፤ የባሏን ራስ በእጆቿ ይዛ። ስለ ጀግንነቱ ብዙ አትልም። አልጋህ ላይ ሆነህ እጅህን አልዘረጋህልኝም ትላለች፤ ሌት ተቀን እያለቀስሁ የማስታውሰው አንዲት ቃል እንኳ አልነገርኸኝም።